ሰዓዳ ለሁለተኛው ቦታ

ባለፈው ሳምንት ሰዓዳን ቀበርናት። ከመቃብር ተመልሰን የእድሩ ሰው በኪራይ አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ፣ ከኔ ራቅ ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው "ምስኪን፣ በመጨረሻ ዕድሜዋ ያ ፖለቲካ የሚሉት ነገር ውስጥ ገብታ ተዋረደች እኮ" ሲል ሰማሁ። ተነሥቼ ልነግረው ስል ባለቤቴ የሺ ጉልበቴን ጫን አድርጋ ያዘችኝ። "ለቅሶ ላይ ነን" አለች። እሺ፣ ለቅሶ ላይ ነን፤ ተቀመጥኩ። ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ግን ያ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ተዋረደች? ማን? ሰዓዳ? እንዴት ያለ ነገር ነው!

ስለዚህ እኔው ልናገር። ተፈራ እባላለሁ፤ ብዙ ዘመን ስቶክሆልም ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከከተማው በስተደቡብ በባቡር የሚደረስባት የአልቢ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ቶሎ ይቆጣል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሰዓዳ ግን ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። እኛ ደማችን በሚፈላበት ቦታ ላይ እሷ ትገረም ነበር። "ቆይ እስቲ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው?" ትልና መነጽሯን ታወልቃለች። መነጽሯ ከወለቀ በቃ፣ መልስ ሳይሰጡ መሄድ የለም።

ደሴ ተወልዳ ያደገች ሙስሊም ናት። እዚህ አገር የመጣችው ከኔ ጥቂት ዓመት ቀደም ብላ ነው። ሥራዋ አስተርጓሚነት ነበር፤ እኛ እዚህ "ቶልክ" ነው የምንለው። ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ አበሻ የተጨነቀበት ቦታ ሁሉ ሰዓዳ አለች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልትጠይቀን መጥታ በታመመች ጊዜ ሐኪሙ ፊት አብራን የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ስንወጣ እናቴ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ዶክተሩ! የልጅ ልጄ ይሆናል፤ አንድም ጊዜ 'አንቺ' አላለኝም" ብላ መረቀችው። ሰውዬው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ "ዱ" ነው ያላት። ስዊድን ውስጥ ልጅ ሽማግሌውን፣ ተማሪ አስተማሪውን "አንተ" ነው የሚለው። "እርስዎ" ያደረገችው ሰዓዳ ናት። ኋላ "ይኼ ይፈቀዳል?" ብዬ ስጠይቃት፣ "ያለውን ነው የተረጎምኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጨዋ ልጅ ደግሞ በአማርኛ እናትህን እንደዚያ ነው የሚያናግራት" አለችኝ።

ቶልክ የራሱን ጥያቄ አይጠይቅም፤ የሙያው ሕግ ነው። "ስንቱን ዋጥኩት መሰለህ" ትለኝ ነበር። "ሐኪሙ መጠየቅ ያለበትን ይረሳል። እኔ አውቀዋለሁ፤ ግን አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጥያቄ ስጠይቅ ኖርኩ፤ የራሴ ሁሉ ተጠራቀመብኝ።" ጡረታ በወጣች ማግሥት ያ የተጠራቀመው ሁሉ ይወጣ ጀመር።

አንድ ቀን በባቡር ከአልቢ ወደ ከተማ አብረን ስንሄድ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከሷ አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ነው። አንድ ነጭ ሰውዬ በሩ ጋ ብረቱን ይዞ ቆሟል። "አየሽው?" አልኳት በአማርኛ። "ከጥቁር ጋር ላለመቀመጥ ቆሞ ይሄዳል! አይ ሰው!" እሷ መነጽሯን አወለቀችና ሰውዬውን በስዊድንኛ፣ በዚያ ለስላሳ ድምጿ፣ "ይቅርታ፣ ለምንድን ነው የማትቀመጠው?" አለችው። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው ወገቡን በእጁ ይዞ፣ የጀርባ አጥንቱ ዲስክ ተንሸራቶ እንደሆነ፣ ከተቀመጠ መነሣት እንደማይችል አስረዳት። "እግዜር ይማርህ" አለችውና ወደኔ ዞረች። "ይኼን ሰውዬ ይዘኸው ቤትህ ልትገባ ነበር እኮ። እራት ላይም አብሮህ ሊቀመጥ ነበር።"

ሌላ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው ጠየቀች። ያኛው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ዝም ብሎ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና እስክንወርድ ድረስ ስለ ልጆቹ አወራት። "አሁን ይኼኛው ያልከው ዓይነት ነበር" አለችኝ ስንወርድ። "የቱ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዴት ታውቃለህ?" እኔ ደግሞ፣ ሁሉንም ከምጠይቅ ሁሉንም ብጠረጥር ይቀለኛል አልኳት። በጣም ሳቀች።

ፓርቲ ገባሁ ያለችን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ የኛን ትውልድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፓርቲ የሚባል ቃል ሲሰማ በሩን የሚዘጋ ትውልድ ነው። ስሙን መዝገብ ላይ ላለማጻፍ አገር ጥሎ የተሰደደ ሰው ነው። እሷ ደግሞ አልቢ አደባባይ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጅ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እየዞረች "አባል ሁኑ፣ የምክር ቤት ተወዳዳሪዎቹን የሚመርጡት አባላት ናቸው፤ ከውስጥ ካልመረጣችሁ ውጭ የሚቀርብላችሁ ያለቀለት ዝርዝር ነው" ትላለች። አንድ ሽማግሌ "እኔ እኮ ከፓርቲ ሸሽቼ ነው የመጣሁት" አሏት። "እኔም" አለቻቸው። "ለዚያ ነው ገና ሳልገባ መውጫው በየት ነው ብዬ የጠየቅኩት። አንድ መልእክት ልኮ መውጣት ነው፣ ማንም ለምን አይልም። መውጫ ያለው ፓርቲ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።" የፓርቲውን ስም አልጠራም፤ የትኛውም ቢሆን ነገሩ ያው ነው ትል ነበር እሷ ራሷ።

ቀስ በቀስ ገባን። እኔ ገባሁ፣ የሺ ገባች፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ብዙ ሰው ገባ። ሰዓዳ ብላን አይደል? የማንኛችን ልጅ ሲወለድ፣ የማንኛችን የመኖሪያ ፈቃድ ውድቅ ሲሆን አልነበረችም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምርጫው ዓመት በፊት ፓርቲው ለኮሙኑ፣ ማለት ለአካባቢያችን አስተዳደር፣ ምክር ቤት የሚያቀርባቸውን ሰዎች ለመለየት የውስጥ ምርጫ ያደርጋል። አባል ሁሉ ወረቀት በፖስታ ይደርሰዋል፤ የሚፈልጋቸውን ሰዎች በቅደም ተከተል ጽፎ አሽጎ ይመልሳል። ይኼ ግን ምክር ነው። አስመራጭ ኮሚቴ የሚባል አለ፤ እሱ ውጤቱን አይቶ የራሱን ዝርዝር ይሠራል። ያ ዝርዝር በአባላት ስብሰባ ይጸድቃል። በኛ ሰፈር ፓርቲው ብዙ ወንበር አያገኝም፤ እስከ አምስተኛ ድረስ ያለው ምክር ቤት ይገባል፣ ከዚያ በታች ያለው ፖስተር ላይ ይወጣል። በየፖስተሩ የኛን መልክ ታያላችሁ፤ ፈገግ ብለን፣ ከታች በኩል።

ሰዓዳ አምስቱ ውስጥ መግባት ፈለገች። ለሥልጣን እንዳይመስላችሁ፤ ለሥልጣን ቢሆንስ ምን ነውር አለው? ግን እሷ የፈለገችው ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ መጠየቅ ነበር። "እዚያ ቤት ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቅ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ይገባሃል? ግዴታ!" ስትል ዓይኗ እንደ ልጅ ዓይን ያበራ ነበር።

አስመራጭ ኮሚቴው ተወዳዳሪዎቹን ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ሌላውን ሁሉ ስለ በጀትና ስለ መንገድ ጠየቀው። እሷን ስለ መጤዎች መዋሃድ ጠየቋት። ስለ አውቶቡስ ፌርማታው በረዶ መለሰችላቸው። በረዶ ጠራጊው መንገዱን ሲጠርግ ክምሩን ፌርማታው ላይ እንደሚተወው፣ አሮጊቶች በዚያ ላይ ሲወጡ እንደሚወድቁ ነገረቻቸው። "ስለ መዋሃድ ነበር የጠየቅንሽ" ቢሏት፣ "እኔም ስለሱ ነው" አለች። "በረዶው ላይ ስዊድንም አበሻም አንድ ላይ ነው የሚወድቀው።" ይህን ስትነግረን የሺ በሳቅ ፈረሰች።

የውስጥ ምርጫው ውጤት መጣ። ሰዓዳ ሁለተኛ! እልል አልን፤ እኔ ራሴ ስልክ እየደወልኩ ሰው ሳበሥር ዋልኩ። ብዙም ሳይቆይ የኮሚቴው ዝርዝር ወጣ። ሰባተኛ።

እኔ በዚያ ቀን ስዊድንን በሙሉ ልሰድብ ተነሥቼ ነበር። "ጥቁር ስለሆንሽ ነው፤ በቃ! ምን ይጠየቃል?" አልኳት።

"ሊሆን ይችላል" አለችኝ። "ግን ቢርጊታን አውቃታለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን ማድረጓን እሷ ራሷ የምታውቅ አይመስለኝም። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት ነው የሚያደርገው? እኔን የገረመኝ ይኼ ነው። ና፣ አብረኸኝ ሂድ። አትናገርም ግን።"

ቢርጊታ የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ካፌ አለ፤ እዚያ ቀጠረችን። አጭር ነጭ ፀጉር ያላት፣ እጅ ስትጨብጥ አጥብቃ የምትጨብጥ ሴት ናት። ለኔም ጭምር የቀረፋ ዳቦ ገዛችልኝ፤ ያንን ነክሼ ዝም አልኩ።

"ማንም አልጠላሽም፣ ሰዓዳ" አለች።

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው አንቺን የምጠይቅሽ። ሁለተኛ ወጣሁ፤ እንዴት ሰባተኛ ሆንኩ?"

"ሚዛን መጠበቅ አለብን። ሦስተኛ ላይ ሁዳን አለች።" ሁዳን እዚሁ የተወለደች የሶማሌ ልጅ ናት፣ ሕግ የምትማር፣ ምላሷ እሳት የሆነ።

ሰዓዳ መነጽሯን አወለቀች። "እኔና ሁዳን በምንድን ነው የምንመሳሰለው?"

ቢርጊታ ዝርዝሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ታየው ጀመር።

"ከልቤ ነው የምጠይቅሽ" አለች ሰዓዳ። "እሷ ልጅ እግር ናት፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ጫካ ላይ ቤት ይሠራ ትላለች፣ እኔ አይሠራ እላለሁ። ቋንቋችን አይገናኝም። አንደኛና ሁለተኛ ያደረጋችኋቸው ኡልፍና ሌናርት ግን ሁለቱም ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች ናቸው፣ ሁለቱም ጀልባ አላቸው፣ ጀልባቸውን የሚያስሩት እንኳ አንድ ቦታ ነው። እነሱ ሚዛኑን አላዛቡትም?"

ቢርጊታ ዳቦዋን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ሌላ ነገር አነሣች። ለሰዓዳ ድምፅ የሰጡት ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ የገቡ አዲስ አባላት ናቸው፤ አንዳንድ ነባር አባላት ይኼን ነገር ጠርጥረዋል አለች።

"ሌናርትም የመዋኛ ክለቡን ሰዎች አስገብቷል አይደል?"

"አዎ፣ ግን እነሱ..."

"እነሱ ምን?"

ሰዓዳ ጠበቀች። እውነት ለመናገር ሰው እንደዚያ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም፤ ሳትኮሳተር፣ ሳትቸኩል፣ መልሱን በጣም እንደምትፈልገው ሆና። ቢርጊታ ጉንጯ ቀላ። "አላውቅም" አለች በመጨረሻ። "ምን ልል እንደነበር አላውቅም።" ከዚያ ደንቡን ነገረቻት። ስብሰባው ላይ ማንኛውም አባል ከኮሚቴው ዝርዝር ጋር መወዳደር ይችላል፤ ግን ከየትኛው ቦታ፣ ከማን ጋር እንደሚወዳደር አስቀድሞ መናገር አለበት።

እኛ እድሩ በሚከራየው አዳራሽ ተሰብስበን መከርን። የሁሉም ሰው ሐሳብ አንድ ነበር፤ ከሁዳን ጋር ትወዳደር። ሦስተኛው የውጭ አገር ሰው ወንበር ነው፣ የኛ ቁጥር ከሶማሌዎቹ ይበልጣል፣ ልጅቷ ደግሞ ገና ናት፣ ይደርስላታል። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት።

ሰዓዳ አንድ በአንድ አዳመጠችን። "የውጭ አገር ሰው ወንበር" አለች ቀስ ብላ፣ አዲስ ምግብ እንደምትቀምስ። "ይኼን ማን ነው የነገራችሁ? ኮሚቴው እንኳ እንዲህ ብሎ አልጻፈም። እኛ ነን የጻፍንላቸው ማለት ነው?" አንዱ ተነሥቶ ቡና ይቀዳ ጀመር። "እኔ የወጣሁት ሁለተኛ ነው። የምጠይቀው ሁለተኛውን ነው።"

ሁለተኛው ሌናርት ነው። እዚህ ላይ አዳራሹ "ኧረ!" አለ። የአልቢን የአበሻ ልጆች ዋና ያስተማረው ሌናርት ነዋ! የኔን ሁለቱን ያስተማረው እሱ ነው። ያውም ሴት ልጄ ውኃ ፈርታ ስታለቅስ በየሳምንቱ ገንዳው ዳር ተቀምጦ እግሯን ብቻ ውኃ እያስነካ ያለማመዳት ሰው ነው። ሰዓዳ ይኼን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ስብሰባው ሳይደርስ ራሷ ቤቱ ሄዳ ነገረችው። "መብትሽ ነው" ብሏታል፤ ቡናውን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። ሌናርት ከበሩ ቆሞ ሰው ይቀበላል። ተንኮል እንዳይመስላችሁ፤ ሰውዬው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እያንዳንዳችንን እጅ እየጨበጠ፣ የልጆቻችንን ስም እየጠራ "እንዴት ናት? አሁንም ትዋኛለች?" ይላል። የኛ ሰዎች በሁለት እጃቸው እየጨበጡት፣ አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ገቡ። እዚያው ላይ ነገሩ እንዳበቃለት ማወቅ ነበረብኝ።

ሁዳን ሦስተኛ ሆና ቦታዋ የተረጋገጠ ነው፤ ዝም ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። ተነሥታ ስለ ሰዓዳ ተናገረች። "እኔ እዚህ ዝርዝር ላይ ለሰዓዳ ምትክ ተደርጌ ከሆነ ንገሩኝ" አለች። ማንም አልነገራት። ከዚያ የስብሰባው መሪ "ለሁለተኛው ቦታ ሌናርትን የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ" አለ። ብዙ እጅ ተነሣ። "ሰዓዳን የምትደግፉ።"

እኔ ክንዴን እስከ ጣራው ዘረጋሁት። ሁዳንና ጓደኞቿ አነሡ። ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊና ባለቤታቸው አነሡ፤ ሌሎችም እዚህም እዚያም። ዞር ብዬ የኛን ጠረጴዛዎች ሳይ ግን... ምን ልበላችሁ! ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። አንዱ ስልኩን ይነካካል። አንዱ ኮቱን ይቆልፋል። ሌናርት እዚያው ፊት ለፊት ቆሟል፣ ያያቸዋል። የሺ፣ የገዛ ሚስቴ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በክርኔ ጎሰምኳት። አልተነቃነቀችም።

ሰዓዳ ተሸነፈች። ልዩነቱ እኛ የተቀመጥንባቸው ጠረጴዛዎች ላይ ካለው ሰው ያነሰ ነበር። በፖስታ ያን ሁሉ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ናቸው እኮ!

መኪና ውስጥ ሁሉንም ሰደብኩ። "ዓይኑ እያየኝ እንዴት አድርጌ?" አለኝ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ ጓደኛችን። "ልጄን ከመስጠም ያዳነ ሰው ፊት?" የሺ በመስኮት ታያለች። ሰዓዳ ግን ኮሌታዋን እያስተካከለች፣ ከሐዘንተኛ ይልቅ ትያትር አይታ የምትመለስ ሰው ትመስል ነበር። በኋላ ነው ከአንድ አባል የሰማሁት፤ ለካ አንድ ሰው ብቻ "በምስጢር ይሁን" ብሎ ቢጠይቅ ምርጫው በወረቀት ይሆን ነበር! በሩጫ ቤቷ ሄድኩ።

"ይኼን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እና ለምን አልጠየቅሽም? አንቺ! አንቺ ያልጠየቅሽ ማን ይጠይቅ?"

"በምስጢር አንዴ አሸንፌያለሁ" አለችኝ። "በምስጢር ነው ሰባተኛ ያደረጉኝም፤ በሩ ተዘግቶ። እንደገና በወረቀት ባሸንፍ እንደገና በሆነ በር ያወጡኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር በግልጽ ሲሆን ማየት ፈለግኩ።"

"ታዲያ ምን አየሽ?"

"ቢርጊታ ለኔም አላነሣችም፣ ለሌናርትም አላነሣችም። ለምን ይመስልሃል?"

ቦታዋን ስላጣች ልቧ አልተሰበረም ብዬ ብዋሻችሁ ደግ አይደለም። ቆዳዋን ይሁን፣ ስሟን ይሁን፣ ያ "ግን እነሱ" የሚለው ያላለቀ ነገር እንደ ቆረቆራት ነው የሞተችው። ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። በየቤቱ እየሄደች ጠየቀች፤ ስዊድኖቹንም የኛንም፤ "እጅህን ለምን አላነሣህም?" እያለች። ወቀሳ አልነበረም፤ እሷ ስትጠይቅ ወቀሳ አይመስልም። አንዳንዱ አለቀሰላት። አንዳንዱ በሩን አልከፈተላትም። ፓርቲው እንደልማዱ አምስት ወንበር አገኘ። እሷ ፖስተር ላይ ወጣች፣ ከታች በኩል።

እኛ ቤት የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ከየሺ ጋር በጉዳዩ ሳልጣላ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። "ይሉኝታ ገደለን! ሚስቴ በይሉኝታ ሸጠችን!" ስል ነበር የከረምኩት። ሰዓዳ ስትገባም ያንኑ ጀመርኩ። በእጇ ዝም አሰኘችኝና የሺ አጠገብ ተቀመጠች።

"የሺዬ፣ ሌናርትን አፍረሽው ነው?"

"አይደለም፣ እትዬ ሰዓዳ" አለች።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

እዚህ ላይ ሚስቴ ከተጋባን ጀምሮ ነግራኝ የማታውቀውን ተናገረች። አዲስ አበባ፣ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ስብሰባ ነው። የሺ ያኔ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው የሰፈራቸውን አንዲት ተማሪ አስነሥቶ ፊት አቁሟታል። "ፀረ አብዮት ናት፤ እርምጃ ይወሰድባት የምትሉ እጅ አውጡ" አለ። ሰው ሁሉ አወጣ። የሺ አላወጣችም። እናቷ ወደፊት እያየች የልጇን ክንድ ከሥር ገፋ አደረገችው።

"ወጣ" አለች የሺ። "እጄ ወጣ። ልጅቷ በዚያን ሰዓት እኔን እያየችኝ ነበር። ፀጉር የምትሠራኝ እሷ ነበረች።"

ሰዓዳ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀች። "ከዚያስ?"

"ወሰዷት። አልተመለሰችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እጅ አውጡ ሲባል ክንዴ ይደነዝዛል። የሌናርት ጉዳይ አይደለም፤ ማንም ቢቆም ያው ነው። ያን ቀን ባነሣልሽ፣ ሌሎቹም እኔን አይተው ባነሡ፣ ገብተሽ ነበር። አውቀዋለሁ። ይቅር በይኝ።"

ሰዓዳ ያንን የደነዘዘ ክንድ በሁለት እጇ ያዘችው። "ለምኑ ነው ይቅር የምልሽ?" አለች። "እንዲህ ሆኖ በሚነሣ እጅ ምክር ቤት ገብቼ ምን ልጠይቃቸው ነበር?" ትንሽ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች። ስትነሣ ወደኔ ዞረች። "ተፈራ፣ ይኼን ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም" አልኩ።

"ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

መልሴን አልጠበቀችም፤ ካፖርቷን ለበሰችና ወጣች።

በሩን ዘግቼ ስመለስ የሺ እዚያው ተቀምጣ ክንዷን ታሻሻለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል ስላላወቅኩ ጠየቅኳት።

"ልጅቷ ስሟ ማን ነበር?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"አዜብ" አለች።